የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ ባዶ በርሜል

ጤና ይስጥልኝ። የዛሬው ወሬ በቤትና በጓሮ በገዛ እጅ ሠርቶ ገንዘብ ስለማዳን ነው። ይህ ነገር ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው አዲስ ነገር ነው፤ መደርደሪያ፣ የአበባ መደብ፣ የዝናብ ውሃ በርሜል። ለእኔ ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት የውሃ ቆጣሪው ነው። አዲስ ነገር መሥራት ደስ ይላል፣ እንግዳም ያደንቀዋል። የሚያፈስ ነገር ተደፈነ ብሎ የሚያደንቅ ግን የለም፤ ገንዘቡ ያለው እዚያ ሆኖ ሳለ። ስለዚህ ዛሬ ከቧንቧ ተነስተን፣ ውሃው በሚሄድበት መንገድ፣ ወደ ጓሮ እንወጣለን።

ማታ የመጨረሻው ሰው ሊተኛ ሲል ሁሉንም ቧንቧ ዝጉና የቆጣሪውን ቁጥር እስከ መጨረሻዋ ትንሽ አሃዝ ጻፉ። ሌሊት ማንም ውሃ አይክፈት። ጠዋት እንደገና አንብቡ። ቁጥሩ ከተነቃነቀ የሆነ ቦታ ይፈሳል ማለት ነው። በሚቀጥለው ማታ የሽንት ቤቱን የውሃ ሣጥን የምትመግበውን ትንሽ መዝጊያ ዘግታችሁ ድገሙት። አሁን ቆጣሪው ካልተንቀሳቀሰ ጥፋተኛው ሣጥኑ ነው። አሁንም ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ከቆጣሪው በኋላ ያለውን የቤቱን ዋና መዝጊያ ዝጉ። መዝጊያው ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ እንኳ ቆጣሪው የሚዞር ከሆነ ፍሳሹ በሁለቱ መካከል በተቀበረው መስመር ላይ ነው። ይህን ሳያውቁ ግድግዳ መፈልፈልም ሆነ ወለል መቆፈር ወጪውን እጥፍ ያደርገዋል።

የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ራሱ በዓይን የሚታይ ከሆነ ሥሩ ኩባያ አስቀምጡና 10 ደቂቃ ጠብቁ። ያገኛችሁትን በ144 አባዙት፤ የአንድ ቀን መጠን ነው። ኩባያው ውስጥ 100 ሚሊ ሊትር ካለ በቀን 14.4 ሊትር፣ በ30 ቀን 432 ሊትር ሄደ ማለት ነው። ቁጥሩን ያዙት፤ በኋላ በርሜሉ ጋ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

አሁን ጥገናው። የምናገረው እየተጠመዘዘ ስለሚዘጋው፣ ውስጡ ጎማ ስላለው ቧንቧ ነው። ባለ አንድ እጀታው፣ ወደ ላይና ወደ ጎን የሚንቀሳቀሰው፣ ውስጡ ሌላ ነው፤ እሱ ላይ ሙሉ የውስጥ ዕቃው ነው የሚቀየረው። ዋናውን መዝጊያ ዝጉ፣ ቧንቧውን ከፍታችሁ የቀረውን ውሃ አፍስሱ፣ የገንዳውን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈኑ። ይቺ ጨርቅ ቀልድ አይደለችም፤ ትንሿ ብሎን ሁልጊዜ የምትወድቀው ወደዚያ ቀዳዳ ነው። እጀታውን አንሱ፣ ከሥሩ ያለውን ትልቁን ብሎን በመፍቻ ፍቱ። መፍቻው የሚነክስበት ቦታ ላይም ጨርቅ ጠቅልሉ፣ አለበለዚያ ኒኬሉ ይላጣል። የሚወጣው ዘንግ ጫፍ ላይ የተበላች ጎማ ታገኛላችሁ። ገበያ ስትሄዱ እሷኑ ይዛችሁ ሂዱ። በዓይን የተገመተች ጎማ አንድ ሚሊ ሜትር ብትተልቅ ወይ ብታንስ ሥራው ከንቱ ነው።

አዲሷን ከመግጠማችሁ በፊት ግን ጣታችሁን ወደ ቧንቧው ውስጥ አስገብታችሁ ጎማዋ የምታርፍበትን የናስ ቀለበት ዳብሱት። ለስላሳ ከሆነ መልካም። የተቦረቦረ ወይም የሻከረ ከሆነ አዲሷንም ጎማ በጥቂት ሳምንት ይቆራርጣታል። «ጎማ ቀየርኩ፣ ግን ተመልሶ ማንጠባጠብ ጀመረ» የሚባለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ቀለበቱን ማለስለሻ በእጅ የሚዞር ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ለአንድ ቀን ሥራ ስለሆነ መዋስ እንጂ መግዛት አያስፈልገውም። ሲመልሱም ዘንጉን ወደ «ክፍት» አዙሮ ነው መግጠም፤ ተዘግቶ ሳለ ትልቁ ብሎን ከጠበቀ አዲሷ ጎማ ገና ሥራ ሳትጀምር ትጨፈለቃለች። አንድ ሌላ ነገር፤ ውሃው የሚወጣው ከአፉ ሳይሆን ቧንቧው ሲከፈት ከእጀታው ሥር ከሆነ ጎማዋን አትንኩ። ችግሩ ዘንጉ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ላይ ነው።

ቴፍሎን፣ ማለትም የቧንቧ ጥርስ ላይ የሚጠቀለለውን ስስ ማሸጊያ፣ የምትጠቀሙ ከሆነ የጥርሱን ጫፍ ወደ ራሳችሁ አዙሩና በሰዓት አቅጣጫ፣ ወጠር አድርጋችሁ፣ ከ3 እስከ 5 ዙር ጠቅልሉ። በተቃራኒው የተጠቀለለ ቴፍሎን ስታጠብቁት እየተላጠ ይወጣል፤ ከዚያ ሰው ያፈሰሰው ስላልጠበቀ ነው ብሎ በጉልበት ይጨምርበትና መገጣጠሚያውን ይሰነጥቀዋል።

የሽንት ቤቱ ሣጥን ከቧንቧው የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ድምፅ ሳያሰማ ያፈሳል። መመርመሪያው ቀላል ነው። ጥቂት ጠብታ የምግብ ቀለም ሣጥኑ ውስጥ ጨምሩና ውሃ ሳትለቁ 30 ደቂቃ ቆዩ። መቀመጫው ውስጥ ቀለም ከታየ ከታች ያለው የጎማ ክዳን አይገጥምም። አንዳንዴ ጎማው ደህና ሆኖ የሚያርፍበት ቦታ ላይ የውሃ ጨው ጋግሮ ነው፤ በአቼቶ ለስልሶ በሻካራ ጨርቅ ይጸዳል። ክዳኑን ከመውቀሳችሁ በፊት ግን ሣጥኑ ውስጥ እዩ፤ ውሃው በትርፍ መውጫው ቱቦ አናት እየፈሰሰ ከሆነ ተንሳፋፊው ከፍ ብሏል ማለት ነው። ውሃው ከቱቦው አፍ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል አስተካክሉት። ውሃ ለመቆጠብ ጡብ ሣጥኑ ውስጥ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ጡብ እየተፈረፈረ ያንኑ ጎማ ያበላሻል። በውሃ የተሞላ የ1 ሊትር ጠርሙስ ከተንሳፋፊው ርቆ ቢቀመጥ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ጊዜ መልቀቅ ካስፈለገ አውጡት፤ ቁጠባ አይደለም።

ወደ ውጭ እንውጣ። በርሜሉ ጋ ከመድረሳችን በፊት አሸንዳውን ተመልከቱ። ሥሩ ቀለም የተነሳበት፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው የወጣበት ግድግዳ ካለ ቀለም አትግዙ። ውሃው ከአሸንዳው እየፈሰሰ ግድግዳውን እስካራሰ ድረስ በላዩ የተቀባ ቀለም ሁሉ ይነሳል። በቤት ጥገና ውስጥ በከንቱ ከሚወጣ ገንዘብ ብዙው እንዲህ ምልክቱን ለማከም የወጣ ይመስለኛል። አሸንዳው በ10 ሜትር ርዝመት ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ መውረጃው ካዘነበለ ይበቃዋል። ካነሰ ውሃ ይተኛበትና ቅጠል ይከማቻል።

አሁን በርሜሉ። ሒሳቡ ደስ የሚል ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። የሚለካው የጣሪያው ተዳፋት ሳይሆን ከላይ ቢታይ መሬት ላይ የሚሸፍነው ስፋት ነው። 40 ካሬ ሜትር ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 400 ሊትር፤ በትነትና በመረጨት የሚጠፋው ተቀንሶ ከ320 እስከ 360 ሊትር ይደርሳል። ስለዚህ ባለ 200 ሊትሩ በርሜል በአንድ ደህና ዝናብ ሞልቶ ይተርፋል። ብዙ ሰው ተሳስቶ የሚያተኩረው መግቢያው ላይ ነው። ትርፍ ውሃው የሚወጣበት ቱቦ ከመግቢያው ያልጠበበ መሆንና ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 2 ሜትር መራቅ አለበት። ያ ካልሆነ ውሃ ሰብሳቢ ሳይሆን መሠረት አጥቢ ነው የሠራችሁት።

የሞላ በርሜል 200 ኪሎ ያልፋል። በድንጋይ ቁራጭ ላይ የቆመ ከሆነ መሬቱ ሲርስ አንድ ወገኑ ይሰምጥና ይገለበጣል፤ ሥሩ ልጅ ቆሞ ሊሆን እንደሚችል አስቡት። 70 በ70 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 10 የሆነ የኮንክሪት መደብ ይበቃል። 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 2 እጅ አሸዋ፣ 3 እጅ ጠጠር። ቅርጹ 49 ሊትር ይይዛል፤ ደረቁ ዕቃ ሲቦካ ስለሚሰበሰብ 75 ሊትር ያህል መነሻ ያስፈልጋል። በ10 ሊትር ባልዲ ሲሰፈር ሲሚንቶ 1 ከሩብ፣ አሸዋ 2 ተኩል፣ ጠጠር 3 ከሦስት ሩብ ባልዲ ነው። ሲሚንቶው 18 ኪሎ ገደማ ስለሚሆን ውሃው ወደ 9 ሊትር ነው፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያ ያነሰ። ለማቡካት እንዲቀል ተብሎ የሚጨመር ውሃ ሁሉ ከጥንካሬው ይቀንሳል። ካፈሰሳችሁ በኋላ በላስቲክ ሸፍናችሁ 7 ቀን እርጥብ አድርጉት። ኮንክሪት የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ከውሃ ጋር በመዋሃድ ነው። ከዚያ በላዩ ብሎኬት ደርድራችሁ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ ባልዲ ከቧንቧው ሥር እንዲገባ። የብሎኬቱ ቀዳዳ ወደ ላይ ይሁን እንጂ ወደ ጎን አይሁን፤ ጭነት የሚሸከመው እንደዚያ ሲቆም ነው።

በርሜል ስትመርጡ ሦስት ነገር እዩ። ምን ይዞ ነበር? ኬሚካል ከሆነ በዋጋው አትታለሉ፣ ፕላስቲክ ሽታና መርዝ ይመጥጣል። ብርሃን ያሳልፋል? ካሳለፈ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። አፉ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል? ይህ ሦስተኛው የሚረሳ ነው። ቧንቧውን ከውስጥ የሚያጠብቀውን ብሎን ለመያዝ ክንድ መግባት አለበት። ለግማሽ ኢንች ቧንቧ ከ21 እስከ 22 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ፣ ከታች 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ደለሉ ከሥር እንዲቀር። መብሻውን በዝግታ አዙሩት፤ በፍጥነት ፕላስቲኩ ይቀልጥና ቀዳዳው ክብ መሆኑ ይቀራል። ማሸጊያው በውስጥም በውጭም የጎማ ቀለበት ነው። ሲሊኮን እንዲህ ባለው ፕላስቲክ ላይ አይጣበቅም፤ ሁለት ሳምንት ይይዝና እንደ ቆዳ ተላጦ ይወጣል። አፉን በጥቅጥቅ ወንፊት ሸፍኑ፣ ከ1 ሚሊ ሜትር ያልሰፋ። የትርፍ ውሃውን ቱቦ ጫፍም አትርሱ፤ ትንኝ በዚያም ትገባለች።

የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ይወርዳል። ለ40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹ 20 ሊትር ይጣሉ፤ መውረጃውን በእጅ ወደ ጎን ማዞር ራሱ ይበቃል። እንደዚያም ሆኖ ይህ ውሃ ለአትክልት እንጂ ለመጠጥ አይደለም።

ስለ ግፊቱም እውነቱን እንነጋገር። 1 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 0.1 ባር ብቻ ነው። የተገዙ የጠብታ መስኖ ጫፎች ብዙዎቹ ከዚያ በጣም የበለጠ ግፊት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ በርሜል ላይ ሲገጠሙ ቅርቡ ያንጠባጥባል፣ ሩቁ ይደርቃል። እዚህ ለጫፎቹ ገንዘብ ከማውጣት ይልቅ ባልዲ ይሻላል።

ደግሞስ 200 ሊትር ስንት ነው? አንድ የአትክልት መደብ በሞቃት ወቅት በሳምንት በካሬ ሜትር 20 ሊትር ያህል ቢፈልግ፣ የሞላ በርሜል 10 ካሬ ሜትር ለአንድ ሳምንት ያጠጣል። በቃ። ያ በኩባያ የለካነው ቧንቧ ደግሞ በወር ሁለት በርሜል ከነትርፉ ያፈስ ነበር። በርሜሉን አትሥሩ ማለቴ አይደለም፤ ጎማዋን ሳትቀይሩ አትሥሩት ነው።

ውሃውን አፈር ውስጥ የሚያቆየው ደግሞ ጉዝጓዝ ነው፤ ከሁሉም የሚረክሰው ሥራ እሱ ነው። ደረቅ ሣር፣ ቅጠል፣ ገለባ፣ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ መጀመሪያ አፈሩ በደንብ ከጠጣ በኋላ። በደረቅ አፈር ላይ የተጎዘጎዘ እንደሆነ ቀላል ዝናብ እንዳይገባ ይከለክላል። ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ የተጠጋው እንጨቱን ያበሰብሳል። ዘር የያዘ ሣር ካመጣችሁ አረም ዘራችሁ። የእንጨት ብናኝ ከላይ ይነስነስ እንጂ ከአፈር ጋር አይደባለቅ፤ ሲበሰብስ የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻማል። ብስባሽ የምታዘጋጁም ከሆነ በመጠን 3 እጅ ደረቅ ለ1 እጅ እርጥብ ያዙ፣ ክምሩ ወደ 1 ሜትር ኩብ ይሁን፤ ያነሰው ሙቀት አይይዝም። ከሸተተ አየር አጥቷል፣ አገላብጡት፣ ደረቅ ጨምሩ።

የማጠጫ ሰዓቱን ቀን መቁጠሪያ አይወስነውም። ጉዝጓዙን ገለጥ አድርጉና ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ስደዱ። አፈሩ ከጣታችሁ ላይ ከተጣበቀና ቅዝቃዜው ከተሰማችሁ ገና ነው፤ የበርሜሉ ቧንቧ ዛሬ አይከፈትም።