ትኩሳቱ የሉፐሱ ነው ወይስ የኢንፌክሽን?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት ሕመም) ያለበት ሰው ትኩሳት ሲይዘው ታማሚውም ቤተሰቡም ቶሎ የሚሉት «ሕመሙ ተነሳ» ነው። ከዚያ ቤት ያለው ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ ኪኒን በራስ ፈቃድ ይጨመራል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ውሳኔ ነው። ትኩሳቱ ከሳንባ ምች ወይም ከኩላሊት ኢንፌክሽን የመጣ ከሆነ፣ ሰውነት የሚዋጋበትን አቅም የሚያዳክመውን ኪኒን ነው የጨመርነው።

ሉፐስ ራሱ ያለ መድኃኒቱም ያጋልጣል፤ ነጭ የደም ሴል ይቀንሳል፣ ባክቴሪያን ለማጥፋት የሚረዱ ኮምፕሊመንት የሚባሉ ፕሮቲኖችም ያልቃሉ። ፕሬድኒሶሎን ሲታከልበት አደጋው ከመጠኑ ጋር አብሮ ይወጣል። በቀን 20 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ለሳምንታት የሚወስድ ሰው በጣም የተጋለጠ ነው፤ 7.5 ሚሊግራምም በቀላሉ አይታይም። ለሉፐስ የሚሰጠው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ግን በተቃራኒው ኢንፌክሽንን ከሚቀንሱት ወገን ነው። «መከላከያዬን ያዳክምብኛል» ብሎ እሱን ማቆም ትልቅ ጉዳት ነው።

ታዲያ በምን ይለያል? የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ያለው ትኩሳት ወደ ኢንፌክሽን ያመለክታል። በደም ምርመራ የሚታየው የብግነት መለኪያ፣ ሲአርፒ፣ በጣም ከፍ ካለም እንዲሁ፤ ሕመሙ ብቻውን ሲነሳ ብዙ ጊዜ ያን ያህል አይወጣም፣ መገጣጠሚያን ወይም የሳንባና የልብን ሽፋን ካልነካ በቀር። የነጭ ደም ሴል መብዛት ብቻውን አያስተማምንም፤ ስቴሮይድም ያበዛዋል። ስቴሮይድ ትኩሳትንም ይደብቃል። ስለዚህ 38 ዲግሪ ከሞላ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መሄድ ነው፤ ከዚያ በታች ሆኖ ሰውየው ከደከመና ከተንቀጠቀጠም አይጠበቅም።

ፕሬድኒሶሎንን በድንገት ማቆምም አይቻልም። ለሳምንታት ከተወሰደ ሰውነት ኮርቲሶል የሚባለውን የራሱን ተፈጥሯዊ ስቴሮይድ ማምረት ይተዋል፤ ካስመለሰውና ኪኒኑ ካልቆየለት በመርፌ ያስፈልገዋል። ከፋርማሲ ኮትሪሞክሳዞል የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዝቶ መጀመርም አደገኛ ነው፤ ሰልፋ የሚባለው መድኃኒት ያለበት ስለሆነ ሽፍታ ሊያወጣና ሉፐሱን ራሱን ሊቀሰቅስ ይችላል።

በእኛ አገር ከቲቢ ምርመራ እኩል ሊታሰብበት ሲገባ የሚረሳ አንድ ነገር አለ፤ ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው ትል። በባዶ እግር እርጥብ አፈር ሲረገጥ በቆዳ ይገባል፣ አንጀት ውስጥ እየተራባ ያለ ምልክት ለዓመታት ይቀመጣል። ከፍተኛ ስቴሮይድ ሲጀመር እጮቹ ይበዛሉ፣ የአንጀትን ግድግዳ በስተው ወደ ሳንባ ይሄዳሉ፣ የአንጀት ባክቴሪያም አብሯቸው ደም ውስጥ ይገባል። የሚታየው ሳል፣ የትንፋሽ ማጠርና የሆድ ቁርጠት ነው። «ሉፐሱ ሳንባ ላይ ወጣ» ተብሎ ስቴሮይድ ከተጨመረ ሰው ይሞታል። አንድ ጊዜ የሚደረግ ተራ የሰገራ ምርመራ ብዙ ጊዜ ትሉን ሳያገኘው ያልፋል። ገጠር ያደገ ወይም በባዶ እግሩ እርሻ የሠራ ሰው ይህን አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን በኪሎ 200 ማይክሮግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 12 ሚሊግራም፣ ማለትም ባለ 3 ሚሊግራሙ አራት ኪኒን።

አልማዝ ባለጭራም በሉፐስ ታማሚ ላይ ይበዛል። በአንድ ጎን ብቻ የሚያቃጥል ሕመም ይጀምርና ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ይከተላል። አሲክሎቪር የሚባለው የቫይረስ መድኃኒት 800 ሚሊግራም በቀን አምስት ጊዜ ለ7 ቀን ይወሰዳል፤ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። ኩላሊቱ በሉፐስ የተነካ ሰው ግን መጠኑ ይቀነስለታል፤ ሐኪም ጋ ሲሄድ የቅርብ ጊዜውን የክሬቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) ውጤት ይያዝ።