ከኑዛዜው በፊት ጠበቃ፦ የወሎ ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ

ሰላም ደሴዎች፣ ኮምቦልቻዎች፣ ወልድያዎች! እንዴት ሰነበታችሁ?

ብዙ ጊዜ ጠበቃ የሚፈለገው አባት ካረፉ በኋላ፣ ልጆች ሲካሰሱ ነው። ያኔ ግን የተበላሸ ኑዛዜ አይጠገንም። ምክሩ የሚጠቅመው ከመጻፉ በፊት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። አንዱ በግልጽ የሚደረገው ነው። አባት ይናገራሉ፣ ሌላ ሰው ይጽፋል። ከዚያ በእሳቸውና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል። መነበቡም እዚያው ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ይጻፍና ሽማግሌዎቹ በማግስቱ በየቤታቸው ይፈርማሉ። ወይም "ተነቧል" የምትለዋ ቃል ትረሳለች። የአባትየውን ፈቃድ ሰፈሩ ሁሉ ቢያውቀውም ኑዛዜው ሊፈርስ ይችላል። በጣም ያሳዝናል፤ የአንድ ሰዓት ምክር ያድነው ነበር።

ሁለተኛው ተናዛዡ ራሱ በእጁ የሚጽፈው ነው። ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይናገር። በየገጹ ቀንና ፊርማ ይኑረው። በ7 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል።

ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው። ታማሚዋ እናት አልጋ ላይ ሆነው "ቤቱ ለታናሿ ይሁን" ቢሉ፣ ሁለት ምስክር ቢኖርም ቤቱ በዚህ አይተላለፍም። በቃል የሚቻለው ስለ ቀብር መናገር፣ ለትንንሽ ልጆች ሞግዚት መሰየምና ለአንድ ሰው ከ500 ብር ያልበለጠ መስጠት ነው።

ባልና ሚስትም በአንድ ወረቀት አብረው መናዘዝ አይችሉም። ለየብቻ ይጻፍ። ልጅን ከውርስ መንቀል የሚፈልግ ደግሞ ምክንያቱን በግልጽ ያስፍር፤ ዝም ብሎ መዝለል አይበቃም።

አሁን ወደ ወሎ ልምጣ። እኛ ዘንድ አንዱ ወንድም ሙስሊም፣ ሌላው ክርስቲያን የሆነበት ቤት ብዙ ነው። ባለጉዳዮቹ ሁሉ ከተስማሙ የውርስ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። እዚያ ኑዛዜ ከንብረቱ ሲሶ አያልፍም። ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱም ለወራሽ አይናዘዙም። ስለዚህ ተናዛዡ የትኛው ሕግ ሊያጋጥመው እንደሚችል አስቀድሞ ይጠይቅ። ሸኹንም ጠበቃውንም ማማከር ነውር የለውም።

የገጠር መሬትም የራሱ አዋጅ አለው። የገበሬው መብት የይዞታ ነው፤ ማን ሊወርሰው እንደሚችል በዚያው አዋጅ ይወሰናል። መጀመሪያ ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ኑዛዜ አንዴ ተጽፎ የሚዘጋ ነገር አይደለም። ልጅ ሲወለድ፣ ትዳር ሲፈርስ፣ ቤት ሲሸጥ ይታደስ። እባካችሁ አሮጌው ላይ አትሰርዙ፣ አትደልዙ። አዲስ ጻፉ፤ የቀድሞው መሻሩንም በግልጽ አስፍሩ።

ለጠበቃ የሚከፍሉት የሌላችሁ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ስለሚሰጠው ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ። ስትሄዱ መታወቂያ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የቤት ካርታ ወይም የመሬት ደብተር፣ እንዲሁም የድሮ ኑዛዜ ካለ እሱን ያዙ። ምስክር የምታደርጓቸውን ሰዎች ደግሞ ንብረት ከማይደርሳቸው ምረጡ።