ውል ሰጪም ውል ተቀባይም፦ የዩኒየን ፓሲፊክ ገንዘብ የት ገባ?

[ምስል፦ በተራራ ሥር ብቻዋን የቆመች ፉርጎ]

እ.ኤ.አ. በሜይ 1869 መጀመሪያ፣ በአሜሪካ ዋዮሚንግ ፒድሞንት በተባለች ትንሽ ጣቢያ፣ ደመወዝ ያልተከፈላቸው ሠራተኞች አንዲት ፉርጎ አገቱ። በውስጧ የነበረው ከምሥራቅ በኩል ሀዲዱን የዘረጋው የዩኒየን ፓሲፊክ ባቡር ኩባንያ ምክትል ፕሬዚዳንት ቶማስ ዱራንት ሲሆን፣ የሚጓዘውም ከምሥራቅና ከምዕራብ የተዘረጋው ሀዲድ ዩታ ላይ ሲጋጠም በምረቃው ለመገኘት ነበር። እገታውን ያቀነባበረው ራሱ ዱራንት ነው ብለው የጠረጠሩም አልጠፉም፤ ከሰውዬው ታሪክ አንጻር ጥርጣሬው አያስገርምም። ፉርጎዋ የተለቀቀችው የደመወዙ ጉዳይ ካለቀ በኋላ ነው፤ ምረቃውም ዘግይቶ ሜይ 10 ቀን ተካሄደ።

ኩባንያው የሚከፍለው ያጣው መንግሥት ስለነፈገው አልነበረም። ለሀዲዱ ግንባታ የወጣው የ1862ቱ ሕግ እንደ መሬቱ አቀማመጥ ለእያንዳንዱ ማይል 16,000፣ 32,000 ወይም 48,000 ዶላር በቦንድ እንዲበደር ፈቅዶለታል፤ በሀዲዱ ግራና ቀኝም ሰፊ መሬት በነጻ ሰጥቶታል። ገንዘቡ የፈሰሰው በግንባታ ውሉ በኩል ነው። የኩባንያው ዋና ዋና ሰዎች ክሬዲ ሞቢሊዬ የተባለ የግንባታ ድርጅት በእጃቸው አስገቡ፤ ከዚያም በአንዱ ወንበር ተቀምጠው ውል ሰጪ፣ ወደ ሌላው ተዛውረው ውል ተቀባይ ሆኑ። ዋና መሐንዲሱ ፒተር ዴይ የመጀመሪያውን መስመር በማይል 30,000 ዶላር ገምቶት ሳለ ውሉ በ50,000 ሲፈረም፣ ዴይ በ1864 መጨረሻ ሥራውን ለቀቀ። ዕዳው በባቡር ኩባንያው ላይ እየተቆለለ ትርፉ ግን ለጥቂት ባለአክሲዮኖች ይከፋፈል ነበር።

[ምስል፦ የአክሲዮን ወረቀት፣ በቅርበት]

ኮንግረስ እንዳይመረምር የማድረጉን ሥራ የያዘው የኮንግረስ አባልና በአካፋ ፋብሪካ የከበረው ኦክስ ኤምስ ነው። በ1867 እና በ1868 የክሬዲ ሞቢሊዬን አክሲዮን ለባልደረቦቹ በ100 ዶላር፣ ማለትም ከእውነተኛ ዋጋው እጅግ አሳንሶ አከፋፈለ። በእጁ ገንዘብ ያልነበረው እንኳ አልተቸገረም፤ አክሲዮኑ የሚያስገኘው የትርፍ ድርሻ የመግዣውን ዋጋ ይሸፍንለት ነበርና። እንዲህ ያለውን ስጦታ ጉቦ ብሎ መጥራት ለተቀባዩ ይከብዳል፤ ብልሃቱም እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ጉዳዩን ኒው ዮርክ ሰን ጋዜጣ በሴፕቴምበር 1872 አወጣው። የተወካዮች ምክር ቤት በ1873 ኤምስንና ሌላውን አባሉን ጄምስ ብሩክስን አውግዞ አለፈ፤ ከመቀመጫቸው እንኳ አላነሳቸውም። 329 ዶላር የትርፍ ድርሻ ወስዷል የተባለው የኦሃዮው ተወካይ ጄምስ ጋርፊልድ አስተባበለ። በ1880 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ተቃዋሚዎቹ በየግድግዳውና በየእግረኛ መንገዱ «329» የሚል ቁጥር ብቻ ይጽፉ ነበር። ጋርፊልድ ምርጫውን አሸነፈ።