የሚጠጣው አፈሩ ነው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ። የዛሬው ክፍል ስለ በጋ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ ውስጥ ያሉትን ዛፎችና አትክልቶች እንዴት ወደ ክረምቱ እናሻግራቸው? አዳማን፣ ቢሾፍቱን፣ ድሬዳዋን እያሰብኩ ነው የማወራው። ደጋ ያላችሁ መጠኑን ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙልኝ።

የሚያሳዝነኝ ነገር ምን መሰላችሁ? በበጋ ከሚደርቁት ዛፎች ብዙዎቹ የተረሱ አይደሉም። በየማታው ውኃ ሲረጭላቸው የከረሙ ናቸው። ሰው ከሥራ ገብቶ፣ ደክሞት ሳለ የውኃ ጎማውን ይዞ ለእያንዳንዱ ዛፍ ሁለት ሦስት ሊትር ያርከፈክፋል። አፈሩ ጠቁሮ ሲያይ የጠጣ ይመስለዋል። ያ ውኃ ግን ሦስት ወይም አራት ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ነው፤ በማግስቱ እስከ ቀትር ድረስ ፀሐይ አብዛኛውን ትወስደዋለች። ሥር ደግሞ እርጥበት ባለበት ይበረክታል። እርጥበቱ ላይ ላዩን ከሆነ ሥሩም ላይ ላዩን ይቀራል። ከዚያ ፈረቃው አምስት ቀን ይዘገያል፣ ላይኛው አፈር ይግላል፣ ሥሩም እዚያው ይቃጠላል።

ስለዚህ ዛፉን አታጠጡ፤ አፈሩን አጠጡ። አፈሩ ጎተራ ነው፣ ዛፉ ከዚያ እየቆነጠረ ይኖራል። ጎተራውን ሞልቶ ማቆየት ነው የእኛ ሥራ።

ምን ያህል ይበቃል? አንድ ሜትር ካሬ ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማፍሰስ ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት ነው። በሞቃትና ደረቅ ቀን ፀሐይና ነፋስ ከአንድ ሜትር ካሬ ለምለም መሬት ወደ 5 ሊትር ይወስዳሉ፤ ድሬዳዋ ላይ ከዚህም ይበልጣል። የፍራፍሬ ዛፍ የዚህ ሰባ በመቶ ያህል ቢያገኝ በደህና ይከርማል። ይህን በሳምንት ብናሰላው ለአንድ ሜትር ካሬ 25 ሊትር ገደማ ይመጣል። ለጓሮ የሚመች አቋራጭ አለው፦ የዛፉን ጥላ ከዳር እስከ ዳር በሜትር ለኩ፣ ቁጥሩን በራሱ አባዙት። የምታገኙት በሳምንት የሚያስፈልገው የባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብዛት ነው። ጥላው አንድ ሜትር ከሆነ አንድ ጀሪካን፣ ሁለት ሜትር ከሆነ አራት፣ ሦስት ሜትር ከሆነ ዘጠኝ።

አሰጣጡ ግን እንደ ዛፉ ይለያያል። ያደገ ማንጎ ሥሩ ጠልቋልና የሁለት ሳምንቱን በአንዴ ብትሰጡት ይችላል። አቮካዶ አይችልም። ውኃ የሚስበው ሥሩ አብዛኛው ከላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የሳምንቱን ድርሻ ለሁለት ወይም ለሦስት ከፍላችሁ ስጡት። ፓፓያ ውኃ ይወዳል፣ ነገር ግን ሁለት ቀን ሙሉ ውኃ ተኝቶበት ከዋለ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል። ባለፈው ክረምት የተተከለ ችግኝም የአቮካዶን ያህል እንክብካቤ ይሻል፤ ሥሩ ገና ከፕላስቲክ ከረጢቱ ቅርጽ ብዙም አልወጣም። ከ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ወዲህ በየክረምቱ እጅግ ብዙ ችግኝ ይተከላል፤ እጣ ፈንታው የሚወሰነው ግን በእነዚህ የበጋ ወራት ነው።

የት ይፈሰስ? ግንዱ ሥር አይደለም። ውኃ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች ያሉት ከጥላው ጠርዝ ወዲህና ወዲያ ነው። ግንዱ ሁልጊዜ ረጥቦ ሲውል ብርቱካንና አቮካዶ ከሥር ይበሰብሳሉ፤ የብርቱካኑ ልጥ ሙጫ እያፈሰሰ ይላጣል። ስለዚህ ሁለት ቀለበት አበጁ፦ በጥላው ጠርዝ ዙሪያ አንድ ስንዝር ከፍታ ያለው የአፈር ክትር፣ ግንዱ ዙሪያ ደግሞ ውኃ እንዳይነካው የሚከልል ትንሽ ጉብታ። ውኃው በሁለቱ መሃል ይተኛል።

መሬቱ ደርቆ ጠጥሮ ከሆነ በባልዲ ያፈሰሳችሁት ክትሩን ጥሶ ይሄዳል። ያኔ አሮጌ ጀሪካን ፈልጉ። ታችኛው ጥግ ላይ በ2 ሚሊ ሜትር ምስማር አንድ ቀዳዳ አበጁለትና ሞልታችሁ ክትሩ ውስጥ አስቀምጡት። ሁለት ሰዓት ገደማ እየፈጀ በቀስታ ይፈሳል። ክዳኑን ላላ ማድረግ አትርሱ፤ ከጠበቀ አየር ስለማይገባ ፍሰቱ ይቆማል፣ ሰውም ቀዳዳው የተደፈነ መስሎት ያሰፋዋል። ሰዓቱ ማለዳ ከ12 እስከ 2 ይሁን፤ በቀትር ያፈሰሳችሁት ብዙው ይተናል።

ውኃው መድረሱን በምን እናውቃለን? 60 ሳንቲ ሜትር የሆነች ባለ 8 ሚሊ ሜትር የፌሮ ብረት ቁራጭ ከየትኛውም ግንባታ አይጠፋም። ባጠጣችሁ ማግስት በእጃችሁ ግፏት፣ መዶሻ ሳትነኩ። እርጥብ አፈር ውስጥ ትሰምጣለች፣ ደረቁ ጋ ስትደርስ ትቆማለች። ድንጋይ እንዳያሳስታችሁ ሦስት ቦታ ሞክሩ። ለወጣት ዛፍ 30፣ ላደገ 50 ሳንቲ ሜትር ካልወረደች ጎተራው አልሞላም።

ዋልካ አፈር ያላችሁ፣ በተለይ ቢሾፍቱና አቃቂ አካባቢ፣ ሌላ ፈተና አለባችሁ። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ሥር ይበጥሳል፣ ከታች ያለውንም እርጥበት ያስተነፍሳል፤ የምታፈሱት ውኃ ደግሞ በስንጥቁ ሾልኮ ይወርዳል። ስንጥቁ ጣት ሳያስገባ ገና በቀጭኑ ሳለ ላዩን ኮትኩቱና በብስባሽና በደቃቅ አፈር ሙሉት።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ጉዝጓዝ፣ ማለትም እርጥበቱ እንዳይተን አፈሩን የምናለብሰው ሽፋን ነው። የጤፍ ጭድ፣ የቡና ገለፈት፣ የኮባ ቅጠል፣ ለበዓል የተጎዘጎዘው ቄጤማም ሳይቀር ይሆናል። ውፍረቱ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር፤ ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ካልራቀ ግንዱን ያበሰብሳል፣ ምስጥም ተሸሽጎ ልጡን ይበላል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን፣ በተለይ እርጥቡ፣ ለችግኝ አይመከርም። ጉዝጓዝ ሲጣል መሬቱ እርጥብ መሆን አለበት። ደርቆ የከረመ አፈርን ብትሸፍኑ ድርቀቱን ነው የምትሸፍኑት፣ ትንሽ ካፊያ ቢመጣ እንኳ ጭዱ ላይ ይቀራል። አስቀድማችሁ አጠግቡት። ምርጡ ጊዜ ዝናቡ በሚያባራበት በመስከረም መጨረሻ ነበር፤ ያ ካለፈ ዛሬም ይሆናል።

ወደ አትክልት ስንመጣ፣ የክረምቱን ከፍ ያለ መደብ በበጋ አትድገሙት፤ ከመተላለፊያው ዝቅ ያለ መደብ ውኃ ይይዛል። ውኃ በጣም ካጠራችሁ 5 ሊትር የሚይዝ የሸክላ ማሰሮ እስከ አንገቱ ቅበሩ፣ ሞልታችሁ አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ክደኑ። ትንኝ እንዳይራባበትም ይረዳል። በዙሪያው እስከ አንድ ስንዝር ተኩል ርቀት ጎመን ወይም ቲማቲም ትከሉ። ሸክላው በቀዳዳዎቹ እያላበ ሥሩን ያጠጣል፤ በሁለት በሦስት ቀን አንዴ፣ ባዶ ሳይሆን ሙሉት። ማሰሮው ያልተሟሸ መሆን አለበት! በዘይትና በእሳት የተሟሸ ሸክላ ቀዳዳው ተደፍኗል፤ ለወጥ እንጂ ለጓሮ አይሆንም። ከመቅበራችሁ በፊት ውኃ ሞልታችሁ አሳድሩትና ጀርባው ካላላበ መልሱት።

ቲማቲም በአንድ ሳምንት ደርቆ በሌላው ሲጥለቀለቅ ፍሬው ይሰነጠቃል ወይም ከታች ጫፉ ይጠቁራል። ሰው በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ይረጫል። የሚጠቁረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየም ከውኃ ጋር ሳይቆራረጥ ወደ ፍሬው ስላልደረሰ ነው፤ የሚያድነው እኩል ውኃ ነው። ሙቀቱ 35 ዲግሪን ሲያልፍ ደግሞ አበባ ይረግፋል፤ ከምዕራብ በኩል ከ7 ሰዓት በኋላ የሚያጠላ ጆንያ ወይም መረብ ወጥሩ።

የልብስ እጣቢ? የመጨረሻው ማለቅለቂያ ለዛፍ ይሆናል። የመጀመሪያው፣ ዱቄት ሳሙናና በረኪና ያለበት፣ አይሆንም፤ ሶዲየሙ አፈሩን ያደድራል። ጥሬውን ለሚበላ አትክልት ሁለቱንም ተዉ። ጉድጓድ ውኃው ጨዋማ በሆነበት ስምጥ ሸለቆ፣ የቅጠሉ ጠርዝ እንደተጠበሰ ቡናማ ከሆነ ጨው ተከማችቷል። እዚያም ጠብ ጠብ ማድረግ ያባብሳል፤ አልፎ አልፎ ከተለመደው እጥፍ አፍስሳችሁ ጨውን ከሥሩ በታች እጠቡት።

በእነዚህ ወራት ዩሪያ አትጨምሩ፤ በደረቅ አፈር ሥር ያቃጥላል፣ የሚያወጣውም ለጋ ቅጠል ተጨማሪ ውኃ ይጠይቃል። ቅርንጫፍም አትመልምሉ። ግንዱ በከሰዓቱ ፀሐይ የተጋለጠ ከሆነ እንደ እርጎ የወፈረ ኖራ ቀቡት። ባለፈው ክረምት የተተከለ ዛፍ ፍሬ ከያዘ፣ ባያስችላችሁም አርግፉት።

ደግሞ በ8 ሰዓት ዱባና ፓፓያ ቅጠላቸውን ሲያንጠለጥሉ አትደንግጡ። ሥራቸው ውኃ እያለውም ቢሆን ከፀሐይዋ እኩል መሳብ ያቅተዋል። ንጋት ላይ ተመልሳችሁ እዩአቸው፤ ያን ጊዜም ጠውልገው ካደሩ በእርግጥ ተጠምተዋል።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ጀሪካኑን ወዲያው አታንሱት። ሽታው ደስ ይላል፣ ቅጠሉም ይታጠባል፤ 5 ሚሊ ሜትር ዝናብ ግን ለአንድ ሜትር ካሬ 5 ሊትር ብቻ ነው። በማግስቱ ጉዝጓዙን ገለጥ አድርጉና ፌሮዋን ግፏት።