ውጤቱ እስኪመጣ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የግብርና ባለሙያዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ስለ ስንዴ ዋግ፣ ስለዚያ በብናኝ ስለሚዛመተው የስንዴ በሽታ፣ አሥር ደቂቃ ተናገር ተብያለሁ። ዋግን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔ ስለ ሒሳቡ ላውራ።

በ2003 መግቢያ ቢጫ ዋግ ቁብሳና ጋላማ የሚባሉትን የስንዴ ዝርያዎች እንዴት እንዳደረጋቸው አይታችኋል። ከዚያ ዲገሉ ወደሚባለው ዝርያ ዞርን። ቢጫ ዋግን ይችላል ተባለ፣ እፎይ አልን። በ2006 ጥቅምት ላይ አንድ ጎረቤቴ በጠዋት መጡ። ያን ጊዜ የልማት ሠራተኛ ነበርኩ። "ልጄ፣ ሱሪዬን እየው" አሉኝ። እስከ ጉልበታቸው የሸክላ ዱቄት የመሰለ ብናኝ ይዞታል። ቢጫ አይደለም፣ ቀይ ነው። ማሳቸው ገባን። አገዳውን በአውራ ጣቴ ስዳብሰው ሻከረኝ፤ ቆዳው ተሰነጣጥቋል። የግንድ ዋግ!

ናሙና ይዤ ወደ ቢሮ በረርኩ። "ሳይረጋገጥ መድኃኒት አይወጣም፣ ውጤቱ እስኪመጣ ጠብቁ" ተባልን። ጠበቅን። ውጤቱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። የግንድ ዋግ ነው ይላል። ሰውዬው በሱሪያቸው ያወቁትን! ስንዴው ሲወቃ የወጣው ፍሬ የተጨማደደ፣ እፍ ሲሉት ከገለባው ጋር የሚበር ነበር።

አሁን ሒሳቡን ስሙኝ። እንበል፣ አንድ ሄክታር ማስረጨት ከነጉልበቱ 5 ሺህ ብር ይፈጃል። ዋግ ከመጣ ደግሞ ርጭቱ 10 ኩንታል ያተርፍልናል። ኩንታሉ 5 ሺህ ቢሸጥ 50 ሺህ ብር ነው። 50 ሺህ ለማዳን 5 ሺህ። እንግዲህ ዋግ የመምጣቱ ዕድል ከአሥር አንድ ካለፈ መርጨቱ ያዋጣል። ከአሥር አንድ! ማን ነው እርግጠኛ ሁኑ ያለን?

መጠበቅ በነፃ ቢሆን እኔም እጠብቅ ነበር። ግን ብናኙ ካረፈ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ዛሬ ያያችሁት ዋግ የዛሬ አይደለም።

በየዓመቱ ዝም ብላችሁ እርጩ አላልኩም። ርጭቱ 10 ሺህ ከገባና የሚያተርፈው 4 ኩንታል ብቻ ከሆነ፣ 20 ሺህ ለማዳን 10 ሺህ ነው፤ ዋግ የመምጣቱ ዕድል ከግማሽ ካላለፈ አያዋጣም። ያኔ ሰማዩን አይቶ፣ የጎረቤትን ማሳ ጠይቆ ትንሽ መታገስ ያባት ነው።

የሚያናድደኝ ይሄ ነው። "ጠብቁ" የሚለው ሰው ከኪሱ ምን ይወጣል? በከንቱ ካስረጨ ይጠየቃል። ስንዴው ቢያልቅ ግን "የእግዜር ቁጣ ነው" ይባላል፣ ማንም አይጠየቅም! እሱ የሚያሰላው የራሱን ኪሳራ ነው፣ የእናንተን አይደለም። ከፊት የተቀመጣችሁ አለቆች፣ ቅር አይበላችሁ። ቅር ቢላችሁም ብያለሁ።

ሁለተኛው ነጥቤ መርጫ ነው። ለሃምሳ አባወራ ሁለት መርጫ ይዞ ሒሳብ መሥራት ቀልድ ነው። ማኅበሩ ያስብበት።

ሦስተኛም ነበረኝ፣ ሁላችን አንድ ዝርያ ስለመዝራታችን። ሰዓትህ አልቋል እያሉኝ ነው። ምሳ ላይ እናወራዋለን። አመሰግናለሁ።