የምናወራው ለማይወስን ሰው ነው

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለተሰበሰቡ ወላጆች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ! ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ሳይተኛ የመጣ አለ። ኡበሩን አቁሞ የመጣም አለ። ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ።

በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ። እኛ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የምንኖር ወላጆች ስለ ትምህርት ቤት ብዙ እናወራለን። ቡና ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ፓርኪንግ ውስጥ ሳይቀር። ክፍሉ ተጨናንቋል፣ የኢሶል፣ ማለትም እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች የሚመደበውን፣ መምህር ቀነሱብን፣ አውቶቡሱ ይዘገያል፣ ልጄን ከሰፈሩ ትምህርት ቤት ሊያዛውሩብኝ ነው። እውነታችንን ነው። ችግሩ የምናወራው ለማይወስን ሰው መሆኑ ነው።

ታዲያ ማነው የሚወስነው? ብዙዎቻችን ፕሪንሲፓሉ ይመስለናል። ፕሪንሲፓሉ ግን የተመደበለትን ገንዘብና የተመደበለትን መምህር አብቃቅቶ የሚያድር ሰው ነው። ከበላዩ የካውንቲው የትምህርት ቦርድ አለ። ስምንት አባላት አሉት። ሰባቱን ነዋሪው ለአራት አራት ዓመት ይመርጣቸዋል። የካውንቲውን ትምህርት ቤቶች በሙሉ የሚመራውን ሱፐርኢንተንደንት የሚቀጥረው ይህ ቦርድ ነው። ካላንደሩን ያጸድቃል። የትኛው ሰፈር ወደ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ይወስናል። ከ150 ሺህ በላይ ተማሪና ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ በጀት በእጁ ነው።

ስምንተኛው አባል ተማሪ ነው። እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በጣም ደስ ይለኛል። የሚመርጡት የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው፣ በየዓመቱ። እኛ ግሪን ካርድ ይዘን ሲቲዝን የምንሆንበትን ቀን ስንቆጥር፣ ስድስተኛ ክፍል የገባው ልጃችን ድምፁን ሰጥቶ ይመጣል። ሲቲዝን ነህ ወይ የሚለው የለም። ራት ላይ «ማንን መረጥክ? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁት። ስለ ቦርዱ ከእኔ የተሻለ የሚያስረዳችሁ እሱ ሊሆን ይችላል።

ሲቲዝን የሆናችሁ ደግሞ፣ የቦርዱ ምርጫ ኖቬምበር ላይ ከሌላው ምርጫ ጋር በአንድ ወረቀት ነው የሚመጣው። ወደ ታች አካባቢ ነው፣ ፓርቲ አይጻፍበትም። ላይ ላዩን ሞልተን ታቹን ባዶ ትተን አንውጣ። ዋሽንግተን ውስጥ ያለው ሰው የልጅህን አውቶቡስ ሰዓት አይወስንም።

ሲቲዝን ያልሆነ ሰው ለቦርዱ ድምፅ መስጠት አይችልም። መናገር ግን ይችላል። ቦርዱ ፊት ለመቅረብ ቀድሞ ስም ማስመዝገብ ነው። በጽሑፍ መላክም ይቻላል። ወረቀቴ አላለቀም ብሎ የሚሰጋ ወላጅ እንዳለ አውቃለሁ። ልጅን ለማስተማር ወረቀት አይጠየቅም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን በ1982 ወስኗል። ነገር ግን ልንገራችሁ፣ የቦርዱ ስብሰባ በቪዲዮ ይተላለፋል። ያ የሚከብደው ሰው ይጻፍ። እናግዘዋለን።

«እንግሊዝኛዬ አይበቃም» የሚለው ግን ምክንያት አይሆንም። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በቋንቋ ምክንያት ወላጅን ውጭ እንዳያስቀር ያስገድደዋል። የእኛ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ደብዳቤና ማስታወቂያ ከሚተረጉሙባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ለኮንፈረንስ፣ ከመምህር ጋር ለምንነጋገርበት ቀጠሮ፣ አስተርጓሚ በነፃ ነው፣ ቀደም ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። እኛ ግን ማንን ይዘን እንገባለን? ልጁን! አንድ ጊዜ እናት፣ ልጅና መምህርት ተቀምጠው አየሁ። መምህርቷ የቤት ሥራ ካመጣ ሦስት ሳምንት አልፎታል አለች። ልጁ ወለሉን አየ፣ ጣሪያውን አየ። «እማዬ፣ ከቤት ሥራ ትንሽ ብቻ ነው የቀረው አለች።» እናት «ተመስገን!» ብላ እጆቿን ዘረጋች። መምህርቷም የተግባቡ መስሏት ፈገግ አለች።

ሳቁ፣ ግን አስተርጓሚ ጠይቁ።

አሁን ወደ ጊዜው ልምጣ፤ ዋናው እሱ ነው። ሱፐርኢንተንደንቱ የሚመጣውን ዓመት በጀት ዲሴምበር አካባቢ ያቀርባል። ቦርዱ ጃንዋሪ ላይ ሕዝብ ይሰማል። ከዚያ ወደ ካውንቲው ይሄዳል፤ ካውንስሉ፣ የካውንቲው ምክር ቤት፣ ስፕሪንግ ላይ እንደገና ሕዝብ ሰምቶ ሜይ ላይ ያጸድቀዋል። አዲሱ የበጀት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል። እኛ የምንቆጣው መቼ ነው? ሴፕቴምበር ላይ፣ ልጁ «ሚስ እንትና የለችም» ብሎ ሲመጣ። የሷ ደመወዝ ከበጀት የተሰረዘው ግን ማንም ከእኛ ባልተገኘበት ስብሰባ ላይ ነው። የትምህርት ቤት ክልልም እንደዚያው ነው። ሮክቪል ላይ ለውድዋርድ፣ ጌይዘርስበርግ ላይ ለክራውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲባል ጥናት ተጠንቷል፤ ካርታ ወጥቶ ወላጅ አስተያየት እንዲሰጥ ተጋብዟል። ካርታው ከጸደቀ በኋላ የሚመጣ አስተያየት ለቅሶ ነው።

ዝምታችን ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ያደግነው የኔታ ሲናገሩ ጭጭ ብለን ነው። አገር ቤት የወላጅ ስብሰባ ሲባል መዋጮ መጥቷል ማለት ነበር። መምህር ማክበሩ ይቀጥል፣ ለልጆቻችንም እናውርሰው። በጀት ግን የኔታ አይደለም፤ ይጠየቃል።

ፒቲኤ፣ የወላጆችና የመምህራን ማኅበሩ፣ ጥሩ ነው፣ ግቡበት። እዚያ ስለ ቦርዱ ወሬ ቀድሞ ይሰማል። መምህር የሚቀጥርና የሚያባርር ግን እሱ አይደለም። ኩኪስ ሸጠን ወደ ቤት ብቻ አንመለስ።

ቦርዱ ፊት የሚሰጠው ጊዜ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ሰላምታው ብቻ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ እንዲህ ይባል፦ «የአራተኛ ክፍል ተማሪ እናት ነኝ። ልጄ እንግሊዝኛ እየተማረ ነው። አምና በሳምንት ይህን ያህል ጊዜ የሚያግዘው መምህር ነበረው፤ ዘንድሮ ይህን ያህል ቀንሷል። ይህ የበጀት መስመር እንዲመለስ እጠይቃለሁ።» ቁጥሩን ከመምህሩ ጠይቃችሁ ያዙ። ሃያ ሰው ሃያ የተለያየ ስሞታ ከሚያቀርብ አምስት ሰው አንድ ጥያቄ ቢያቀርብ ይሻላል። እኔ ዘንድሮ የኢሶል መምህራንን ጉዳይ ብንይዝ እላለሁ። ሌላ ሐሳብ ያለው አሁን ይናገር፣ እንከራከርበት።

በሩ አጠገብ ወረቀት አለ። ጃንዋሪ ላይ መናገር የሚችል፣ መጻፍ የሚችል፣ መኪና ያለው፣ በዚያ ምሽት የሌላውን ልጅ የሚጠብቅ፣ ሁሉም ለየብቻ ዓምድ አለው። አንዱ ላይ ስማችሁን ጻፉ። አሁን ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ፤ ከኋላ እጃቸውን ካወጡት እናት እንጀምር።