የገዛ ልጆቻቸውን ያስቀደሙት ሰውዬ

እህቶቼ፣ የሱዳኑ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ የአህፋድ ልጆች፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። መድረክ መሪዋ አስር ደቂቃ ነው ያለሽ ብላኛለች፣ እንግዲህ እሞክራለሁ።

አብዛኞቻችን ሱዳን፣ ኦምዱርማን ከተማ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ስለተማርን ታሪኩን ታውቁታላችሁ፣ ግን ፊት ለተቀመጡት አባቶች ስል ልድገመው። ሼክ ባቢከር በድሪ የደርቡሽ ወታደር ነበሩ፣ በፈረንጆቹ 1898 ኦምዱርማን ላይ ያ ሁሉ ሰው ባለቀበት ጦርነት ተርፈው የወጡ። በኋላ ሩፋኣ የምትባል የሱዳን ከተማ አስተማሪ ሆነው የሴቶች ትምህርት ቤት ልክፈት ሲሉ ያኔ አገሩን የሚገዙት እንግሊዞች እምቢ አሏቸው፣ ደግመው ጠየቁ፣ አሁንም እምቢ፣ መጨረሻ ላይ በራስህ ቤት፣ በራስህ ገንዘብ ከሆነ ይሁን ተባሉ። 1907 ላይ ጀመሩ። ተማሪዎቹ እነማን ነበሩ? ዘጠኙ ከገዛ ቤታቸው፣ ስምንቱ ከጎረቤት!

እዚች ጋ ቁሙልኝ። ሰውየው መጀመሪያ የሰው ልጅ አምጡ አላሉም። ማን ያገባቸዋል የሚለው ሐሜት ቀድሞ የሚያርፈው እሳቸው ደጃፍ ላይ ነው፣ ያንን እያወቁ ነው የገቡበት።

ተማሪ ሆነን ገጠር ስንወጣ ትዝ ይላችኋል? አንድ ሽማግሌ ምንጣፍ አስነጥፈው ስለ ሴት ልጅ ትምህርት ጥቅም እኛኑ መልሰው ሲያስተምሩን ዋሉ፣ በጣም ጥሩ ነው የተናገሩት እውነቴን ነው፣ ሻዩን ተንበርክካ የምትቀዳው ልጃቸው ግን የትምህርት ቤት ደጅ ረግጣ አታውቅም ነበር። ብርጭቆዎቹን ትሪው ላይ እየደረደረች ቀና ብላ አየችን። ዛሬም እንደዛው ነው! ከረባት አስሮ ፓናል ላይ ስለ ሴቶች አቅም ግንባታ የሚተነትነው ሰውዬ ቤቱ ሲገባ ልጁን “አንቺ ምን ቸኮለሽ” ይላታል። በዚህ አፍራለሁ፣ እናጨብጭብለት እንዴ?

“ዩኒቨርሲቲ ለሴት ብቻ ለምን?” ለምትሉ፣ የሼክ ባቢከር ልጅ ዩሱፍ በድሪ 1966 ላይ የአህፋድን የሴቶች ኮሌጅ ሲከፍቱ ተማሪው 23 ነበር፣ 1995 ዩኒቨርሲቲ ሆነ፣ ህክምና፣ ፋርማሲ፣ ገጠር ልማት ያስተምራል። መልሱ ይኸው ነው። 2023 የሱዳን ጦርነት ሲነሳ የተበተኑትን ተማሪዎች ደግሞ በምሳ ሰዓት እናወራለን።

የመዋጮው ፎርም በር ላይ አለ። ብሩን ከመሙላታችሁ በፊት ግን የራሳችሁ ልጅ ዘንድሮ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ጻፉበት፣ እዛው ቆሜ አነበዋለሁ። አመሰግናለሁ።